የዩኤስቢ ድምፅ ድራይቨርን በአዲስ መልክ ማዋቀር፦ ነባር ፕሮግራሞችን ሳያውኩ መሠረትን የመለወጥ ጥያቄ በሊኑክስ ከርነል

መግቢያ

የማንኛውም መሣሪያ ድራይቨር ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ገጽ መሣሪያውን ይመለከታል፤ ሌላው ፕሮግራሞችን። በመሣሪያው በኩል ያለውን ገጽ የሚወስኑት የተጻፉ ደረጃዎችና የመሣሪያ አምራቾች ናቸው። በፕሮግራሞች በኩል ያለውን ገጽ ግን ከተጻፈው በይነገጽ በተጨማሪ ለዓመታት የተካበተ ልማድ ይወስነዋል። ድራይቨርን በአዲስ መልክ ለማዋቀር የሚነሣ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ ሊያሻሽል የሚፈልገው የመጀመሪያውን ገጽ ቢሆንም፣ ሥራው የሚፈተነው በሁለተኛው ነው።

ጉዳዩ የምህንድስና ውበት ብቻ አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነ የኮምፒውተር ተጠቃሚ ማያ ገጹን የሚያነብለት እንደ ኦርካ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙም ቃሉን የሚያደርሰው በድምፅ ነው። ከርነሉ በታደሰ ማግሥት ድምፁ ቢጠፋ፣ ይህ ተጠቃሚ የጠፋበት ሙዚቃ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ ችግሩን ለመጠገን የሚረዳውን መመሪያ እንኳ ማንበብ አይችልም። በዩኤስቢ ማይክሮፎን የንግግር ናሙና የሚሰበስብ ተመራማሪም ሆነ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ያለ የሬዲዮ ቴክኒሻን በየደረጃው ተመሳሳይ አደጋ አለባቸው። ሁሉም ስለ ድራይቨሩ ውስጣዊ አሠራር ምንም ሳያውቁ ጸንቶ እንደሚቆይ ተማምነው ይኖራሉ።

ይህ ጽሑፍ የሊኑክስ ከርነል የዩኤስቢ ድምፅ ድራይቨር ያለፈባቸውን ሁለት ዐበይት ለውጦች በምሳሌነት ይወስዳል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 5.11 እትም የገባው የኤንድፖይንት አስተዳደር እንደገና መዋቀር ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በወጣው 5.16 እትም መልክ የያዘው መዘግየትን የመቀነስ ሥራ ነው። ሁለቱንም የመራው የከርነሉ የድምፅ ክፍል ኃላፊ ታካሺ ኢዋይ ነው። ከእነዚህ ለውጦች በመነሣት፣ በፕሮግራምና በድራይቨር መካከል ያለው ውል ምን ምን እንደሚያካትትና መሠረቱ ሲለወጥ ውሉ የሚጠበቅበትን መንገድ ጽሑፉ ያብራራል።

የዩኤስቢ ድምፅ ለምን ያስቸግራል?

በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ የተተከለ የድምፅ ካርድ የኮምፒውተሩን ማኅደረ ትውስታ በቀጥታ ያነባል። ድራይቨሩ መሣሪያው የትኛው ናሙና ላይ እንደደረሰ በፈለገው ጊዜ መጠየቅ ይችላል። የዩኤስቢ መሣሪያ ግን በሽቦ ማዶ ያለ እንግዳ ነው። ድምፁ በፓኬት ተከፋፍሎ፣ በተቆረጠለት ሰዓት ይላክለታል። በፉል ስፒድ ዩኤስቢ ጊዜው በ1 ሚሊሰከንድ፣ በሃይ ስፒድ ደግሞ በ125 ማይክሮሰከንድ ክፍልፋይ ይቆጠራል። የድምፅ ፓኬቶች የሚጓዙበት የማስተላለፊያ ዓይነት የመስመር ስፋት የተረጋገጠለት ሲሆን፣ የጠፋ ፓኬት ግን ተመልሶ አይላክም፤ ጊዜው ያለፈበት ድምፅ ቢደርስም አይጠቅምምና።

የመጀመሪያው ችግር የቁጥር ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና ያለው ድምፅ በየሚሊሰከንዱ 48 ናሙና ስለሚይዝ ያለ ቀሪ ይከፈላል። ድምፁ ባለ ሁለት ቻናልና ባለ 16 ቢት ከሆነ እያንዳንዱ ፓኬት 192 ባይት ይሆናል። የሙዚቃ ሲዲ የሚጠቀምበት 44,100 ግን በየሚሊሰከንዱ 44.1 ናሙና ይመጣል። የናሙና አንድ ዐሥረኛ መላክ ስለማይቻል፣ ዘጠኝ ፓኬቶች 44፣ ዐሥረኛው 45 ናሙና ይዘው ይሄዳሉ።

ሁለተኛውና ከባዱ ችግር የሰዓት ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓትና የመሣሪያው ሰዓት ሁለት የተለያዩ ክሪስታሎች ናቸው፤ ሁለት ክሪስታሎች ደግሞ ፈጽሞ እኩል አይመቱም። በመካከላቸው የአንድ ሚሊዮን 50 እጅ ልዩነት ብቻ ቢኖር፣ በ48,000 ናሙና ላይ በየሰከንዱ የ2.4 ናሙና ልዩነት ይከማቻል። 1,024 ናሙና የሚይዝ መጠባበቂያ በሰባት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይሟጠጣል ወይም ሞልቶ ይፈስሳል፤ አድማጩም ድንገተኛ የድምፅ መቆራረጥ ይሰማል።

የዩኤስቢ ደረጃ ለዚህ ካቀረባቸው መፍትሔዎች አንዱ የግብረ መልስ መስመር ነው። መሣሪያው በሌላ ኤንድፖይንት፣ ማለትም ውሂብ በሚገባበት ወይም በሚወጣበት ሌላ በር፣ «በአሁኑ ፍጥነቴ ይህን ያህል ናሙና ላክልኝ» የሚል ቁጥር ለኮምፒውተሩ ይልካል። አንዳንድ መሣሪያዎች ግን የተለየ በር አያበጁም። ከማይክሮፎን በኩል የሚልኩት ድምፅ መጠን ራሱ መልእክት ይሆናል፤ በመጣው ፓኬት ውስጥ 45 ናሙና ካለ፣ በሚሄደውም ፓኬት 45 ናሙና መኖር አለበት። ይህ አሠራር ስውር ግብረ መልስ ይባላል። ውጤቱም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ፕሮግራሙ ድምፅ ማጫወት ብቻ ቢፈልግም፣ ድራይቨሩ ፕሮግራሙ ሳያውቅ የመቅጃውን በር መክፈት ግድ ይሆንበታል።

የተጻፈውና ያልተጻፈው ውል

የሊኑክስ ከርነል በዚህ ረገድ የታወቀ ሕግ አለው፤ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በከርነል ለውጥ ምክንያት መሥራት ካቆመ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የከርነሉ ነው። ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በተፈጠረ አንድ ክስተት ታይቷል። በአንድ የዌብካም ድራይቨር ውስጥ ለፕሮግራሞች የሚመለሰው የስህተት ቁጥር በሌላ ቁጥር ተተካ። ለውጡ ለአመክንዮ የቀረበ መስሎ የታየ ነበር፤ ሆኖም አንዳንድ የድምፅ ፕሮግራሞች ሥራቸው ተሰናከለ። ስህተቱ በፕሮግራሞቹ በኩል ነው የሚለው መከራከሪያ በሊኑስ ቶርቫልድስ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ስለዚህ የስህተት ቁጥር እንኳ ሳይቀር የውሉ አካል ነው።

ይህ አስተሳሰብ በድምፁ ዘርፍ ቀደም ያለ ታሪክ አለው። ያሮስላቭ ኪሴላ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው አልሳ የተባለው የድምፅ ሥርዓት ኦኤስኤስ የተባለውን ቀዳሚ ሥርዓት ሊተካ ሲነሣ፣ አሮጌውን በይነገጽ አስመስሎ የሚያቀርብ ክፍል አብሮ ይዞ መጣ። አልሳ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ከርነሉ ሲገባ ለቀድሞው ሥርዓት የተጻፉ ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ መሥራት የቻሉት በዚህ ክፍል አማካይነት ነበር።

የተጻፈው ውል ለመዘርዘር ቀላል ነው፤ የሥርዓት ጥሪዎች፣ የመዋቅሮቹ ቅርጽና የስህተት ቁጥሮች ናቸው። ያልተጻፈው ግን ብዙ ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያዎች ስም አንዱ ነው፤ የተጠቃሚው የድምፅ መጠን ቅንብር በስም ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ፣ ስሙ የተሻለ በሚመስል ሌላ ስም ቢተካ ቅንብሩ ባለቤቱን ያጣል። ሁለተኛው የጊዜ ጠባይ ነው፤ ፕሮግራሙ ድምፅ ከጀመረ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቀስ፣ የባፈሩ ቦታ በምን ያህል እርምጃ እንደሚለቀቅ፣ የመዘግየቱ መጠን እንዴት እንደሚነገረው። እነዚህን ማንም ቃል አልገባም፤ ሆኖም ለዓመታት አንድ ዓይነት ሆነው ስለቆዩ ፕሮግራሞች ተደግፈውባቸዋል።

የመጀመሪያው ለውጥ፦ በሩን ማን ከፈተው?

ከ5.11 በፊት የነበረው አወቃቀር እያንዳንዱን የድምፅ ፍሰት በተናጠል የሚያይ ነበር። ማጫወቻው የራሱን በር፣ መቅጃው የራሱን በር ይይዛል ከሚል ሐሳብ የተነሣ ነው። ስውር ግብረ መልስ ይህን ሐሳብ አፈረሰው። ማጫወቻው የመቅጃውን በር በስውር ከፍቶ እያለ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ በተለየ የናሙና ፍጥነት መቅዳት ቢጠይቅ፣ አንድ በር በሁለት ፍጥነት ሊሠራ አይችልም።

አዲሱ አወቃቀር የበሮቹን ጉዳይ ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ሰበሰበ። እያንዳንዱ ኤንድፖይንት ስንት ተጠቃሚ እንዳለው ይቆጠራል፤ መጀመሪያ የከፈተው ፍሰት የናሙና ፍጥነቱን፣ ቅርጸቱንና የቻናሉን ብዛት ያስመዘግባል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄው ከተመዘገበው ጋር መስማማቱ ይመረመራል። ከድራይቨሩ ውስጥ ሲታይ ይህ ግልጽና ጠንካራ አሠራር ነው።

ከፕሮግራሙ ወገን ሲታይ ግን አንድ ክፍተት ነበረበት። የማይስማማ ጥያቄ ሲመጣ ድራይቨሩ ስህተት መመለሱ ልክ ነው፤ ችግሩ የተመለሰበት ጊዜ ነው። በአልሳ አሠራር ፕሮግራሙ አስቀድሞ «ምን ምን ፍጥነት ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከተሰጠው ዝርዝር ይመርጣል፤ በመጨረሻም ምርጫውን ያጸድቃል። ድራይቨሩ በመጀመሪያው ጥያቄ «ሁሉንም እችላለሁ» ብሎ በመጨረሻው «አይሆንም» ካለ፣ ፕሮግራሙ ምን ማስተካከል እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ብዙ ፕሮግራሞችም በዚህ ምክንያት ተሰናክለዋል።

የተወሰደው መፍትሔ ለንድፍ ጥናት ትልቅ ትምህርት አለው። ገደቡ ከማጽደቂያው ደረጃ ወደ መጠየቂያው ደረጃ ተሻገረ። ስውር ግብረ መልስ የሚጠቀም ማጫወቻ እየሠራ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈተው መቅጃ ገና ከጅምሩ የሚያየው ያንኑ ፍጥነትና ያንኑ ቅርጸት ብቻ ነው። ግጭት በሌለበት ጊዜ ደግሞ ሁሉም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። አዲስ የሥርዓት ጥሪ አልተፈጠረም፤ ፕሮግራሞችም አልተለወጡም። አዲሱ እውነታ ፕሮግራሞቹ ድሮም በሚያውቁት የድርድር ቋንቋ ተነገራቸው።

ሁለተኛው ለውጥ፦ የጸጥታው ዋጋ

በቀድሞው አሠራር ፕሮግራሙ ለማጫወት ሲዘጋጅ ድራይቨሩ የማስተላለፊያ ጥያቄዎቹን ሁሉ በጸጥታ ሞልቶ አስቀድሞ ወደ መሣሪያው ይልካል። ፕሮግራሙ «ጀምር» ሲል እውነተኛው ድምፅ ከዚህ የጸጥታ ሰልፍ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ለምሳሌ ሰልፉ 8 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ድምፅ በዚያው መጠን ይዘገያል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በዩኤስቢ መሣሪያ በኩል የራሱን ድምፅ እየሰማ ለሚጫወት ሙዚቀኛ ግን በሌሎች መዘግየቶች ላይ የሚደመር ሸክም ነው።

መፍትሔው ለዓይን ቀላል ይመስላል፤ ጸጥታውን ማስቀረትና በ«ጀምር» ትእዛዝ እውነተኛውን ድምፅ በቀጥታ መላክ። ሲሞከር ግን ያልታሰበ ነገር ተገለጠ። ያ ጸጥታ ሳይታወቅ ጥቅም ይሰጥ ነበር። ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ ፕሮግራሙ ባፈሩን ለመሙላት ጊዜ ያገኛል። ጸጥታው ሲነሣ ድራይቨሩ ጥያቄዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመሙላት ባፈሩን ይጠርገዋል፤ ጥቂት ድምፅ ብቻ ጽፎ የጀመረ ፕሮግራም ባፈሩ ወዲያው ባዶ ይሆንና ድምፁ ይቆረጣል። ፕሮግራሙ አንድም መስመር አልተለወጠም፤ የተጻፈውም ውል አልተጣሰም፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ተበላሸ።

በ5.16 የገባው አሠራር ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው። «ጀምር» ሲባል ድራይቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ ከመላኩ በፊት በባፈሩ ውስጥ በቂ ድምፅ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ከሌለ መላኩን አቁሞ የቀሩትን ጥያቄዎች በተጠባባቂነት ያቆያል። ቀደም ብለው የተላኩት ሲመለሱ ተጠባባቂዎቹን በተገኘው ድምፅ ሞልቶ ይልካል። በጉዞ ላይ ያለ ጥያቄ ከሌለ ደግሞ ፕሮግራሙ አዲስ ድምፅ በጻፈ ቅጽበት ይልካቸዋል። በመሆኑም በጉዞ ላይ ያለው መጠን እንደ ፕሮግራሙ አጻጻፍ ከፍ ዝቅ ይላል።

ይህ አሠራር ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ድራይቨሩ ፕሮግራሙ መቼ እንደጻፈ ማወቅ አለበት። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር በጋራ በሚያዩት የማኅደረ ትውስታ ገጽ ላይ የጽሑፍ ቦታቸውን ራሳቸው ያሻሽላሉ፤ ከርነሉን አይጠሩም። እዚህ ላይ የአልሳ በይነገጽ የያዘው የቆየ መውጫ ጠቀመ። ድራይቨሩ ቦታው በግልጽ ጥሪ እንዲነገረው እንደሚፈልግ ሲያሳውቅ፣ ከርነሉ የቁጥጥር ገጹን በጋራ ማየት ይከለክላል። የአልሳ ቤተ መጻሕፍት ገጹን በጋራ ማየት ካልቻለ ተመሳሳዩን ሥራ በሥርዓት ጥሪ እንዲሠራ ከድሮ ጀምሮ ስለተዘጋጀ፣ ከበላዩ ያለው ፕሮግራም ልዩነቱን አያውቀውም።

ያም ሆኖ አዲሱ አሠራር የማይስማማቸው ፕሮግራሞች ይቀራሉ። የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ በአንድ ባፈር ላይ የሚያደባልቀው ዲሚክስ ባፈሩ ባዶ ቢሆንም ፍሰቱ ሳይቆም እንዲሽከረከር አድርጎ ያዋቅራል፤ የጽሑፍ ቦታውንም በአግባቡ አያሻሽል ይሆናል። ስውር ግብረ መልስም የራሱ የአላላክ ሥርዓት አለው። ድራይቨሩ ሁለቱን ከውቅራቸው ለይቶ በማወቅ አዲሱን አሠራር ይተውላቸዋል። የመለያው ምልክት የፕሮግራሙ ስም አለመሆኑ ሊጤን ይገባል፤ ምልክቱ ፕሮግራሙ በውሉ ቋንቋ የጠየቀው ነገር ነው። ስለዚህ ነገ የሚጻፍ ተመሳሳይ ፕሮግራምም ያለ ተጨማሪ ሥራ ይጠበቃል።

በመጨረሻም «ሎውላተንሲ» የተባለ የሞጁል አማራጭ ተጨመረ። አዲሱ አሠራር ያወከው ተጠቃሚ ዋጋውን ዜሮ በማድረግ ከርነሉን እንደገና ሳይገነባ ወደ ቀድሞው አሠራር ይመለሳል። አማራጩ ሁለት አገልግሎት አለው። ተጠቃሚው በዕለቱ ሥራውን ይቀጥላል፤ ድራይቨሩን የሚጠብቀው ባለሙያም በአንድ ሙከራ ብቻ ጥፋቱ ከአዲሱ አሠራር የመጣ መሆን አለመሆኑን ይለያል።

ከተሞክሮው የሚገኙ መርሖች

የመጀመሪያው መርሕ ውሉ የሚለካው በጠባይ መሆኑ ነው። የጸጥታው ሰልፍ በየትኛውም ሰነድ ቃል አልተገባም፤ ሲነሣ ግን ፕሮግራሞች ወደቁ። አንድን አሮጌ ክፍል የሚያነሣ መሐንዲስ መጠየቅ ያለበት «ይህ ለምን ተሠራ?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ሳይታሰብ ለማን ምን ሲያደርግለት ኖረ?» ብሎም ነው።

ሁለተኛው፣ አዲስ ገደብ አስቀድሞ ሲነገርና በኋላ ሲነገር እኩል አለመሆኑ ነው። ገደቡ በድርድሩ መጀመሪያ ከተነገረ ነባሩ ፕሮግራም ይስማማል፤ በመጨረሻ ከተነገረ ግን ይወድቃል። የገደቡ ይዘት በሁለቱም አንድ ነው።

ሦስተኛው፣ በበይነገጹ ውስጥ አስቀድሞ የተተወ መውጫ ያለው ዋጋ ነው። የቁጥጥር ገጹን የመከልከል መብት ቀድሞ ባይኖር፣ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ክልከላን እንዲቀበል ባይዘጋጅ፣ ሁለተኛው ለውጥ ፕሮግራሞችን ሳይነካ አይቻልም ነበር። ዛሬ በይነገጽ የሚነድፍ ሰው ለማያውቀው የወደፊት ለውጥ ቦታ መተው አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

አራተኛው ለውጡን በትናንሽ ደረጃዎች መከፋፈል ነው። የ5.11 ለውጥ ከባድ ቢሆንም በተከታታይ ትናንሽ ማሻሻያዎች ገብቷል። ይህም ብልሽት ሲከሠት በእትሞች መካከል ያለውን ታሪክ በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ ጥፋቱን ያመጣውን ነጠላ ለውጥ ለማግኘት ያስችላል።

እነዚህ መርሖች ዋጋ እንዳላቸው መካድ አይቻልም። ድራይቨሩ ዛሬ የቀድሞውን አሠራር፣ አነስተኛ መዘግየት ያለውን አዲሱን አሠራርና የስውር ግብረ መልስን አሠራር ጎን ለጎን ይሸከማል። አንድ ቦታ የሚደረግ ማሻሻያ በሦስቱም ላይ መፈተን አለበት። በዚህ ላይ ከደረጃው ያፈነገጡ መሣሪያዎችን ልዩ ጠባይ የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ በየእትሙ ይረዝማል። ንጹሕ ንድፍ የሚወድ ሰው ይህን እንደ ቅርስ ሸክም ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ሸክሙ አንዴ ከተፈጠረ አይጠፋም፤ ወይ ጥቂት ባለሙያዎች በድራይቨሩ ውስጥ ይሸከሙታል፣ ወይ ቁጥራቸው የማይታወቅ ተጠቃሚዎች በየቤታቸው ይከፋፈሉታል። የከርነሉ ሕግ የመጀመሪያውን መርጧል።

ማጠቃለያ

የዩኤስቢ ድምፅ ደረጃ ራሱ ሦስት ትውልድ አሳልፏል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሁለተኛው በ2006፣ ሦስተኛው በ2016 ወጥተዋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለአልሳ የተጻፈ ፕሮግራም ከየትኛው ትውልድ መሣሪያ ጋር እንደሚነጋገር ማወቅ አላስፈለገውም። ከላይ የታዩት ሁለት ለውጦች ይህ በዕድል የሚገኝ አለመሆኑን ያሳያሉ። ሁለቱም የገቡት ውስጡን በድፍረት በመለወጥ፣ ውጭውን በጥንቃቄ በመጠበቅና፣ ጥበቃው ባልበቃበት ቦታ ለተጠቃሚው መመለሻ በመተው ነው። የኦርካ ተጠቃሚ ከርነሉ በታደሰ ማግሥት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የለመደውን ድምፅ ከሰማ፣ ከሥሩ ምን እንደተለወጠ ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል፤ የድራይቨር ንድፍ ስኬት ከሚለካባቸው መለኪያዎች አንዱም ይኸው ነው።